ያልታጠረው መስክ፦ የላክስተን አጥቢያ ጉዳይ

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጨረሻ፣ በእኛ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ በአንዲት የእንግሊዝ መንደር ገበሬዎች ቦት ጫማቸውን አጥልቀው፣ ችካልና መዶሻ ይዘው ወደ ስንዴ ማሳ ይወጣሉ። ስንዴው ገና መብቀሉ ነው። ማሳው አጥር የለውም። የአንዱን መሬት ከሌላው የሚለይ ሽቦም ሆነ የቁጥቋጦ አጥር የለም። እነሱ ግን ድንበሩን ያውቁታል። ማን ገፍቶ እንዳረሰ አይተው ይለያሉ። ችካሉን ይመታሉ፣ ቅጣቱን ይጽፋሉ።

መንደሯ ላክስተን ትባላለች። የመካከለኛው ዘመን የእርሻ ሥርዓት፣ ከነደንቡና ከነፍርድ ቤቱ፣ ዛሬም በሥራ ላይ ያለባት የእንግሊዝ መንደር እሷ ናት። ጉዳዩን ከፋፍዬ መጻፍ የፈለግኩት ለታሪክ ፍቅር ብቻ ብዬ አይደለም። አንድ ማኅበረሰብ የመሬቱን መልክ ለዘመናት ጠብቆ ለማቆየት ምን ምን እንደጠየቀው፣ ምኑን እንዳጣና ምኑ እንደቀረለት እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዛሬ በሕይወት ያሉ ሰዎችን በስም አላነሳም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው

ላክስተን በመካከለኛው እንግሊዝ፣ በኖቲንግሃምሻየር፣ ከሸርውድ ጫካ ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። አፈሩ ከባድ ሸክላ ነው። ዝናብ ሲመታው እግር ይይዛል፣ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ጡብ ይደርቃል። ገበሬ እንዲህ ያለውን አፈር የሚያርስበት ቀን የተቆጠረ ነው። ቀኑ ካመለጠው አመለጠው።

አጥቢያ የሚለው ቃላችን እዚህ ቦታ ላይ በደንብ ይሠራል። በእንግሊዝም አጥቢያ በመጀመሪያ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሚኖሩበት ክልል ነበር። ኋላ ላይ ያው ድንበር የአስተዳደር ድንበርም ሆነ። የላክስተን ቤተ ክርስቲያን በመላእክት አለቃ በቅዱስ ሚካኤል ስም የተሰየመች ናት፤ መንደሩ መሀል ላይ ቆማለች። ከመንደሩ በስተሰሜን፣ ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች የሠሩት ምሽግ ቦታ አለ። ድንጋዩ ዛሬ አይታይም። የቀረው ሣር የለበሰ የአፈር ጉብታና ዙሪያውን የተቆፈረው ጉድባ ነው። መንደሯ ንጉሥ ዊልያም በ1086 ባስመዘገበው የአገሪቱ መሬት መዝገብ ላይ ስሟ ሰፍሯል።

ቤቶቹን ላየ ሰው አንድ ነገር ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። የእርሻ ቤቶቹ፣ ጎተራዎቹና ጋጣዎቹ ሁሉም መንደሩ ውስጥ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ቀይ ጡብ፣ ቀይ የሸክላ ክዳን። ብዙዎቹ ፊታቸውን ሳይሆን ጎናቸውን ለመንገዱ ሰጥተው የቆሙ ናቸው። በሌላው የእንግሊዝ ገጠር የገበሬው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከመንደር ወጣ ብሎ በራሱ ማሳ መሀል ለብቻው ይቆማል። ላክስተን ላይ እንዲህ ያልሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። የአንድ ገበሬ መሬት በሦስት መስክ ላይ የተበታተነ ስለሆነ ለሁሉም እኩል የሚቀርበው ቦታ መንደሩ ነው። የቤቱን አቀማመጥ የወሰነው የማሳው አከፋፈል ነው።

ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል

ዛሬ የቀሩት ክፍት መስኮች ሦስት ናቸው፦ ምዕራብ መስክ፣ ደቡብ መስክና የወፍጮ መስክ። ምሥራቅ መስክ የሚባል አራተኛም ነበር፤ እሱ ኋላ ታጥሯል። የሦስቱ ስፋት አንድ ላይ ወደ 480 ኤከር ወይም ወደ 195 ሄክታር ገደማ ይሆናል።

በየመስኩ ውስጥ መሬቱ ወደ ረጃጅምና ጠባብ ማሳዎች ተከፍሏል። አንድ ገበሬ በሦስቱም መስኮች ላይ ማሳ አለው። ለሙም፣ ጭንጫውም፣ ውሃ የሚተኛበትም ለሁሉም እንዲደርስ ተብሎ ነው። እኛ አገር ርስት ሲካፈል ወንድማማቾች ከለሙም ከጠፉም እኩል እንዲደርሳቸው እንደሚጠይቁት ያለ ነገር ነው።

ማሳዎቹ ረጅም የሆኑት በበሬ ምክንያት ነው። በዚያ ከባድ አፈር ላይ ማረሻውን የሚጎትተው ረጅም የበሬዎች ጥምድ ነበር፤ እስከ ስምንት በሬ ይደርሳል። ያን ሁሉ በሬ ማዞር አድካሚ ስለሆነ ገበሬው በተቻለ መጠን ሳያዞር ረጅም ፈር ማውጣትን ይመርጣል። የእንግሊዞቹ የርቀት መለኪያ ፈርሎንግ ስሙ የመጣው ከዚሁ ነው፤ የአንድ ፈር ርዝመት እንደ ማለት ነው፣ 200 ሜትር ገደማ። ኤከርም እንዲሁ፣ ጥንድ በሬዎች በአንድ ቀን ያርሱታል ተብሎ የሚታሰብ መሬት ነበር። እኛ ጥማድ የምንለው ማለት ነው፤ መጠኑ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። በሬ ጠምዶ ያረሰ ሕዝብ የትም ቢሆን መሬትን በድካሙ ልክ ነው የለካው።

በሬዎቹ ከማሳው ጫፍ ሳይደርሱ መዞር ስለሚጀምሩ ፈሮቹ ቀጥ ያሉ አልነበሩም። ጫፍና ጫፋቸው ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ለጠጥ ይላሉ። በእንግሊዝ ብዙ የግጦሽ መሬት ላይ፣ ምሽት ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ከሣሩ ሥር ጎርበጥ ጎርበጥ የሚሉ ረጃጅም ትልሞች ይታያሉ። ያ ያረሱት በሬዎች መንገድ ነው። ማሳው ወደ ሣር ከተቀየረ መቶ ዓመታት ቢያልፉም መሬቱ አልረሳውም።

ሰብሉ በሦስት ዓመት ይፈራረቃል። በመጀመሪያው ዓመት መስኩ በሙሉ ብርዱ ከመግባቱ በፊት የሚዘራ፣ ብርዱን መሬት ውስጥ የሚያሳልፍ ስንዴ ይሆናል። በሁለተኛው ገብስ፣ አጃ፣ አተር ወይም ባቄላ ብርዱ ሲያልፍ ይዘራል። በሦስተኛው መሬቱ ያርፋል። አንድ ገበሬ ብድግ ብሎ በስንዴው መስክ ላይ ባቄላ ልዝራ ማለት አይችልም። መስኩ የየግል ማሳዎች ስብስብ ቢሆንም ዓመቱ የጋራ ነው።

ለማረስ የማይመቹ ረባዳና ዘቅዛቃ ቦታዎች ደግሞ ሳይታረሱ ሣር እንደለበሱ ይቀራሉ። ሳይክ ይሏቸዋል። የሳይኩ ድርቆሽ በየዓመቱ በጨረታ ይሸጣል፣ ገንዘቡም የጋራ መብት ላላቸው ይከፋፈላል።

ችግሩ

እንዲህ ያለው መስክ አንድ ጊዜ በመካከለኛው እንግሊዝ ሁሉ የተለመደ ነበር። ያጠፋው ማጠር ነው። ባለርስቶች የተበታተኑትን ማሳዎች ኩታ ገጠም አድርገው፣ የጋራውን ግጦሽ ተከፋፍለው፣ ዙሪያውን በእሾህ አጥር ይከልሉት ጀመር። ይህ በስምምነትም፣ በጉልበትም፣ በፓርላማ ሕግም ይፈጸም ነበር። ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ብቻ ፓርላማው ከ5,200 በላይ የማጠሪያ ሕጎችን አጽድቋል። የነካው መሬት ወደ 6.8 ሚሊዮን ኤከር ይጠጋል፣ ከእንግሊዝ ጠቅላላ ስፋት አንድ አምስተኛውን ያልፋል።

ማጠሩ ምርት አሳድጓል የሚሉ አሉ፣ ማስረጃም አላቸው። ግን አንዲት ላም በጋራ መሬት ላይ የሚያግድ ድሃ፣ መሬቱ ሲታጠር ላሟን ይዞ የሚሄድበት አልነበረውም። ይህን ሳያነሱ ስለ ምርት ብቻ ማውራት ለእኔ ጎዶሎ ታሪክ ነው።

ታዲያ ላክስተን እንዴት ቀረች? መልሱ ጀግንነት ያለበት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ዋናው ምክንያት ግን አለመስማማት ነው። መሬቱ በሁለት ትልልቅ ባለርስቶች፣ በኧርል ማንቨርስና በኧርል ኦፍ ስካርብሮ (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) ቤተሰቦች መካከል የተከፈለ ነበር። ለማጠር ማሳ መለዋወጥ ነበረባቸው። ልውውጡ ላይ ሳይስማሙ ረጅም ጊዜ አለፈ። ኋላ የማንቨርስ ቤተሰብ ዋናው ባለቤት ሲሆን ደግሞ የእህል ዋጋ ወድቆ የእንግሊዝ እርሻ ክፉኛ ተጎዳ። በዚያ ወቅት ለአጥር፣ ለመንገድና ለአዲስ የእርሻ ቤት ገንዘብ ማፍሰስ ለማንም አያዋጣም ነበር። መስኩ እንዲሁ እንደተከፈተ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ገባ።

አዲሱ ችግር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትራክተርና ማጨጃ ማሽን በጠባብ ማሳ ላይ አይመቹም። በሦስት መስክ የተበታተነ መሬት ከማሳ ወደ ማሳ ሲመላለሱ ነዳጅም ጊዜም ይበላል። የሰብል ምርጫው የራስህ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገበሬዎቹ ተከራይ ናቸው። ባለርስቱ ነገ ቢሸጥ ገዢው መስኩን ለማቆየት ምን ያስገድደዋል?

ምን ምን ተደረገ

የመጀመሪያው እርምጃ ማንም የጥበቃ ሥራ ብሎ ያላሰበው ነው። በ1635 የወቅቱ ባለርስት፣ ሰር ዊልያም ኮርተን የተባለ የለንደን ነጋዴ፣ ርስቱን አስለካ። ማርክ ፒርስ የተባለ ቀያሽ ትልቅ ካርታ ሠራ፣ አብሮም እያንዳንዱን ማሳ ከነያዡ የሚዘረዝር መዝገብ ተጻፈ። ካርታው ዛሬ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ማሳዎቹ እንደ ክር ተደርድረው ይታያሉ። በመካከላቸው ደግሞ ቀያሹ ትንንሽ ሰዎች ሥሏል፤ የሚያርስ አለ፣ የሚያጭድ አለ። ነጋዴው የፈለገው ኪራዩን በትክክል ለመሰብሰብ ነበር። ለእኛ ያተረፈልን ግን ከዚያ ይበልጣል፦ የትኛው ማሳ የት እንደነበር፣ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ፣ ሳይኩ የት እንደሚጀምር የሚናገር ምስክር።

ሁለተኛው እርምጃ የተወሰደው በ1900ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። ርስቱ ማሳዎቹን እንደገና አከፋፈለ። ብዙ ጠባብ ማሳዎች ተቀላቅለው ጥቂት ሰፋፊ ማሳዎች ሆኑ። የክፍቱ መስክ ጠርዞችም ታጠሩ። የታሪክ ወዳጆች ይህን ሲያነቡ ያዝናሉ። እኔ ግን ይህ ባይደረግ ኖሮ ሥርዓቱ ማሽን ሲመጣ የሚቆም አይመስለኝም። ገበሬው ሊያርሰው የማይችለውን መስክ ማንም አያቆይለትም።

ሦስተኛው በ1952 ነው። የመጨረሻው ኧርል ማንቨርስ መንደሩንና መስኮቹን ለእንግሊዝ የእርሻ ሚኒስቴር ሸጠ። ሐሳቡ መንግሥት ከያዘው ሥርዓቱ ይቀጥላል የሚል ነበር። ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህልም ቀጠለ።

ከዚያ መንግሥት ንብረቶቹን መሸጥ ጀመረ። ላክስተንም ገበያ ልትወጣ ነው ተባለ። ገበሬዎችና የታሪክ ሰዎች ተቃወሙ። በመጨረሻ በ1981 ርስቱ የዘውዱን ንብረት ለሚያስተዳድረው ክራውን ኢስቴት ተላለፈ፣ መስኩን የመጠበቅ ኃላፊነቱም አብሮት ሄደ። ታሪኩ እዚያም አላበቃም። ክራውን ኢስቴት በበኩሉ ለመሸጥ ወሰነ፣ በ2020 ርስቱ ወደ ቶረስቢ ርስት ተመለሰ። ቶረስቢ የማንቨርስ ቤተሰብ የቀድሞ መቀመጫ ነው። ከ68 ዓመት በኋላ መሬቱ ዞሮ ዞሮ ወደተነሳበት በር ደረሰ ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ የባለቤት መለዋወጥ መሀል ያልተቋረጠ አንድ ነገር አለ። እሱም የመስኩ ፍርድ ቤት ነው።

ፍርድ ቤቱ በቅርበት ሲታይ

ስሙ ኮርት ሊት ይባላል። በጥንት ዘመን ብዙ የእንግሊዝ ርስቶች እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት ነበራቸው። ዛሬ በስም የቀሩት ጥቂት ናቸው። በ1977 የወጣ ሕግ የእነዚህን ፍርድ ቤቶች የዳኝነት ሥልጣን ሲያነሳ የላክስተኑ መስኩን የማስተዳደር ሥራውን እንዲቀጥል ተደርጓል። እውነተኛ የእርሻ ሥራ ይዞ የሚሰበሰበው እሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎችና አንድ አለቃ ለዓመቱ ዳኞች ሆነው ይመረጣሉ። ዳኞቹ ራሳቸው የመንደሩ ሰዎች ናቸው። በኖቬምበር መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን፣ በዚያ ዓመት ስንዴ የተዘራበትን መስክ ሊመረምሩ ይወጣሉ። የተቀሩት ሁለት መስኮች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ መስክ በየሦስት ዓመቱ አንድ ጊዜ በደንብ ይታያል።

የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከጎረቤቱ ወይም ከጋራው ሣር የገፋ አለ ወይ? ሁለተኛው፣ መንገዱን ያረሰ አለ ወይ? በማሳዎቹ መካከል የሚያልፈው ሣራማ መንገድ የሁሉም ነው። ማረሻ ሲዞር ትንሽ ትንሽ ይቆርሰዋል። ዘንድሮ አንድ ጫማ፣ ከርሞ አንድ ጫማ። ማንም ካልተናገረ መንገዱ በአሥር ዓመት ውስጥ ማሳ ይሆናል። ድንበር የሚጠፋው በአንድ ጀምበር እንዳልሆነ ገበሬ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

እዚህ ላይ ችካሉ ይመጣል። ዳኞቹ የማሳውን መነሻ ያያሉ፣ ይነጋገራሉ፣ አንዱ ችካሉን ይይዛል፣ ሌላው ይመታዋል። ሲያበቁ ከዚያ ችካል ወዲህ ያረሰ አጥፊ ነው። ገፍቶ ያረሰ ሰው ካለ ስሙና የቅጣቱ መጠን ይጻፋል። የሚገርመው፣ ችካል የሚመታው ሰው ራሱ እዚያው መስክ ላይ ማሳ አለው። ዛሬ የጎረቤቱን ጥፋት ይጽፋል፣ ነገ የእሱም ይጻፍ ይሆናል።

ከሳምንት በኋላ፣ በዲሴምበር መጀመሪያ፣ ፍርድ ቤቱ ይሰየማል። የሚሰየመው ደቭኮት በሚባለው የመንደሩ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ስቱዋርድ የሚባል፣ ርስቱን የሚወክል የሕግ ሰው ይመራዋል። የስም ጥሪ ይደረጋል። በቦታው መገኘት የሚገባው ቀርቶ ከሆነ ጥቂት ፔንስ ይቀጣል። ከዚያ የመስኩ ጥፋቶች ይሰማሉ።

ቅጣቱ ትንሽ ነው፤ ማንንም አያደኸይም። ክብደቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ገፍቶ ማረስህ በጎረቤቶችህ ፊት፣ ነገ ወተት ወይም ማሽን በምትዋሳቸው ሰዎች ፊት ይነበባል። እኛ አገር የሽማግሌ ዳኝነትን ያየ ሰው ይህ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ አይጠፋውም።

የሠራው

መስኩ አለ። ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። በአንድ ወቅት በብዙ መቶ አጥቢያዎች የነበረው ሥርዓት በላክስተን ላይ እየታረሰ፣ እየተዘራና እየታጨደ ነው። የሚያየው ሰው አጥር የሌለበት ሰፊ ሰማይና ከእግሩ ሥር እስከ አድማስ የሚሄድ ማሳ ያያል። በእንግሊዝ ገጠር ይህ እይታ ብርቅ ነው፤ አገሩ በአጥር የተከፋፈለ ስለሆነ ዓይን ሩቅ አይሄድም።

ያልታሰበ ጥቅምም ተገኝቷል። ሳይኮቹ ለዘመናት ሳይታረሱ፣ በየዓመቱ ለድርቆሽ ብቻ እየታጨዱ ስለቆዩ፣ በሌላ ቦታ የጠፉ የዱር አበቦችን አቆይተዋል። ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ልዩ የተፈጥሮ ቦታ ተብለው ተመዝግበዋል። አበቦቹን ያተረፋቸው የእርሻው ደንብ ነው። የተፈጥሮ ጥበቃ የሚባል ነገር ሳይታወቅ በፊት ሣሩን ማንም እንዳያርሰው ዳኞቹ በመከልከላቸው ነው።

የጋራው ዓመትም ጠቀመ። ሁሉም በአንድ መስክ ላይ አንድ ዓይነት ወቅት ስለሚከተሉ፣ አንዱ ሲያርስ የሌላው እህል አይረገጥም። ዳኞቹም ምርመራቸውን በአንድ ቀን መጨረስ ይችላሉ። በየዓመቱ አንድ መስክ ብቻ መመርመሩ ሥራውን በሰው አቅም ልክ አድርጎታል። ሦስቱንም በየዓመቱ ይመርምሩ ቢባል ኖሮ ምናልባት ድሮ ይሰለቹ ነበር።

ያልሠራው

ላክስተን ከመካከለኛው ዘመን ሳትነካ የመጣች አድርገው የሚያወሩላት አሉ። ያ ትክክል አይደለም። የጥንቶቹ ማሳዎች አብዛኞቹ ተቀላቅለዋል። ክፍቱ መስክ የአጥቢያዋን ሙሉ መሬት ይሸፍናል ብሎ ለሚያስብ ሰው፣ ዛሬ የቀረው ጥቂቱ ነው፤ በዙሪያው ያለው ታጥሯል። በድሮ ጊዜ ከመከር በኋላ ከብቱን ሁሉ በገለባው ላይ አብሮ መልቀቅ የሥርዓቱ ግማሽ አካል ነበር። እሱ ቀርቷል። በሦስተኛው ዓመትም መሬቱ ባዶውን ማደሩ ቀርቶ ሣር ወይም መኖ እንዲበቅልበት ተፈቅዷል። ባዶ መሬት ኪራይ አይከፍልምና።

የገበሬው ቁጥር መቀነሱ ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። ሥርዓቱ የቆመው በብዙ ትንንሽ እርሻዎች ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዳኛና አንድ አለቃ ለማግኘት መንደሩ ውስጥ መሬት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ትንሽ እርሻ ዛሬ በእንግሊዝ ቤተሰብ አያኖርም። አንዱ ሲያረጅ ልጁ ከተማ ከሄደ መሬቱ ለጎረቤቱ ይደርሳል። እርሻዎቹ እየሰፉ፣ ሰዎቹ እያነሱ ይመጣሉ። ለዚህ ችግር ካርታም፣ ችካልም፣ የባለቤት ለውጥም መፍትሔ አላመጡለትም።

የባለቤትነቱ ጉዳይም እንዲሁ ያላረፈ ነው። አንድ ባለርስት መኖሩ ውሳኔ ያፋጥናል። የላክስተን መስክ በብዙ ትንንሽ ባለቤቶች እጅ ቢሆን ኖሮ አንዱ በሸጠ ቁጥር ይቆረስ ነበር። ግን ያው አንድ ባለርስት መሸጥ ሲፈልግ መንደሩ በሙሉ አንድ ላይ ይናወጣል። ከ1952 ወዲህ ሦስት ጊዜ ሆኗል። ገበሬዎቹ በየዓመቱ ስለ ድንበር የመወሰን ሥልጣን አላቸው፤ ስለ ሽያጩ ግን ድምፅ እንጂ ውሳኔ አልነበራቸውም።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደው

የአንድ አጥቢያን ታሪክ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ከላክስተን የሚማረው የመጀመሪያው ነገር ከቤተ ክርስቲያኑና ከምሽጉ ባሻገር ማየት ነው። ብዙ የአጥቢያ ታሪኮች የመኳንንቱን የዘር ሐረግና የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ዘርዝረው ያበቃሉ። ዋናው ሰነድ ግን መሬቱ ራሱ ነው። እንግሊዝ አገር የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ራሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ በገጠሩ ውስጥ ለእግረኛ የተከፈቱ መንገዶች ሞልተዋል። የእርሻ ቤቶቹ መንደር ውስጥ ናቸው ወይስ ማሳ መሀል? አጥሮቹ በማስመሪያ እንደተሰመሩ ቀጥ ያሉ ከሆኑ፣ መንገዱም ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ቀያሽ ወረቀት ላይ ያጠረው መሬት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አጥሩ ለጠጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ድሮ በሬ ያረሰውን የማሳ ጠርዝ ተከትሎ ይሆናል። ሣሩ ሥር ትልም አለ? እነዚህን ይዞ የድሮውን ካርታ ከዛሬው ጋር ያመሳከረ ሰው ግማሹን ታሪክ አንብቧል።

ካርታውን ቀድሞ መሥራት ሌላው ነው። የ1635ቱ ካርታ የተሠራው መስኩ አደጋ ላይ ሳይወድቅ በፊት ነበር። ድንበርን ከጠብ በፊት መመዝገብ ይቀላል። ጠብ ከተነሳ በኋላ እያንዳንዱ ወገን የሚያስታውሰው ለራሱ የሚጠቅመውን ነው።

ሥልጣኑ በተጠቃሚዎቹ እጅ መሆኑን ደግሞ አጥብቄ እይዘዋለሁ። የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ከከተማ መጥቶ መንገዱ አንድ ጫማ እንደተቆረሰ ሊያይ አይችልም። አብሮ የሚያርስ ያያል። የጋራ ግጦሽ፣ የጋራ ውሃ ወይም የጋራ ደን ያለበት አካባቢ ከዚህ የሚወስደው ነገር ካለ የዳኞቹን አመራረጥ ይመስለኛል፦ ከውስጥ የተመረጡ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ፣ ለአንድ መስክ ብቻ፣ ቀኑ በታወቀ ጊዜ። ቅጣቱም ሰው ሳይጣላ የሚከፍለው ልክ መሆን አለበት። ቅጣቱ ከባድ ቢሆን ዳኛው ጎረቤቱን ለመጻፍ እጁ ያንቀጠቅጠው ነበር።

መለወጥ ያለበትን ለይቶ መለወጥም ያስፈልጋል። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ማሳዎቹ ሰፉ፣ ጠርዞቹም ታጠሩ፤ በቀሩት መስኮች መሀል ግን አጥር አልገባም። ሣር በሦስተኛው ዓመት ተፈቀደ፤ ፈረቃው ግን ቀረ። ከብቱ ከመስኩ ወጣ፤ ዳኞቹ ግን አሁንም ይወጣሉ። ሁሉንም እንዳለ እናቆይ ቢባል ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ካርታው ብቻ ይሆን ነበር።

በዲሴምበሩ ጉባኤ ላይ ቅጣቱ ከተነበበ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። በቀጣዩ ዓመት ስንዴ የሚዘራበትን መስክ የሚመረምሩት አዲሶቹ ዳኞች ስማቸው ይጠራል፣ ይምላሉ። ያ መስክ በዚያች ሰዓት ገና ስንዴ አልተዘራበትም።